ሦስተኛው ውሃ

ማሽኑ ቤታችን የገባው ባለቤቴ ከተቀበረች በኋላ ነው። የላከችው እህቷ ናት፤ ዱባይ ሰው ቤት ስትሠራ ዓመታት አስቆጥራለች። ያመጣችልን ደግሞ ለዘመድ ጥየቃ ወደ አገር የተመለሰች ሌላ ሴት ነበረች። ሴትዮዋ ካርቶኑን በራፍ ላይ አስቀምጣ ለቅሶዋን ስትጀምር፣ ልጄ ካርቶኑ ላይ የተሳለውን ስኒ ስታይ፣ እኔ ደግሞ ልጄን ሳይ ትዝ ይለኛል። ያን ሰሞን ከማየት በቀር ሌላ ነገር አይሆንልኝም ነበር።

ነገሩ ከባለቤቴ ቀልድ የመጣ ነው። ከእህቷ ጋር በስልክ ስታወራ፣ ዕድሜ ልኳን ለሰው ስታፈላ መኖሯን፣ እሷ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣ የሚያፈላላት አንድ ፍጡር እንኳ አለመኖሩን ትነግራት ነበር። ይህን ስትል እኔ እንድሰማ ድምጿን ከፍ ታደርጋለች፤ እኔም ሰምቼ እስቃለሁ እንጂ ከመቀመጫዬ አልነሳም። እህቷ ግን ቀልዱን የምር አድርጋ፣ ቁልፉን ሲጫኑት ብቻውን አንድ ስኒ ቡና የሚያወጣ ማሽን ገዛችላት። ይዞ የሚመጣ ሰው እስኪገኝ ሲባል የተላከላት ራሷ ቀድማ ሄደች።

ወልድያ ውስጥ ትንሽ ጋራዥ አለኝ፤ የመኪና ኤሌክትሪክ ነው የምሠራው። ስለዚህ ማሽኑን ለማስነሳት አልተቸገርኩም። የሽቦው ራስ ከእኛ ግድግዳ ጋር ስላልተስማማ ቆርጬ ሌላ ገጠምኩለት። ውሃ ሞላሁበት፣ አበራሁት፣ ሠራ። ቡፌው ላይ አስቀመጥኩትና ረሳሁት።

ያልረሳችው ልጄ ናት። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ከእናቷ የወረሰችው አንዱ ነገር ጀምሮ መተው አለመቻል ነው። ከማሽኑ ጋር የመጡትን ሳጥኖች አንድ በአንድ እያገላበጠች አነበበቻቸው። አንዱ ሐምራዊ ነው፣ አንዱ ወርቅማ፣ አንዱ በረዶ ላይ የቆመ ባለቀንድ እንስሳ የተሳለበት፣ ሌሎችም አሉ። በየሳጥኑ ውስጥ የአውራ ጣት ራስ የሚያህሉ የታሸጉ ቆርቆሮዎች ተደርድረዋል፤ ካፕሱል ይባላሉ። ሁሉም ሳጥን ላይ ሊሚትድ ኤዲሽን የሚል ተጽፏል። ልጄ አክስቷን በስልክ ጠየቀቻት። አክስቷ ለአንድ ወቅት ብቻ ተሠርቶ የሚወጣ፣ ካለቀ በኋላ ደግሞ የማይሠራ ማለት እንደሆነ፣ አሠሪዎቿም የሚያወጡት የሚከበር እንግዳ ሲመጣ ብቻ እንደሆነ አስረዳቻት። ከዚያ ስልኩን ቶሎ ዘጉት። ማሽኑ ለማን እንደተገዛ ትዝ ብሏቸው ይሆናል።

ስለራሴ ልናገር። ባለቤቴን ስንቀብር አላለቀስኩም። ሰው ሁሉ «በርትቷል» አለ፤ ካህኑም ሳይቀሩ መከሩኝ፣ እንዲህ መጽናት መልካም ነው አሉ። አልጸናሁም። ምንም አልተሰማኝም፤ ልዩነቱ ከውጭ አይታይም። ድንኳኑ ሲፈርስ፣ አርባው ሲወጣ፣ ልብሷ ተጣጥፎ ለዘመድ ሲሰጥ ሁሉንም እያየሁ ነበርኩ። ወጥ ጨው ይኑረው አይኑረው አላውቅም፤ የቀረበልኝን እበላለሁ። አንድ ቀን ጋራዥ ውስጥ ክንዴ የጋለ ጭስ ማውጫ ላይ አርፎ ሲቃጠል «ኧረ እጅህ» ብሎ የጮኸው ባለመኪናው ነው። ሥራዬን ግን አላጓደልኩም። የተበላሸ መስመር ፈልጎ ለማግኘት ልብ አያስፈልግም፤ መብራት የምታሳይ አንዲት መፈተሻ ይበቃል።

አማቴ የሚኖሩት መርሳ ነው። ባላቸው የሞተባቸው፣ ልጅ የቀበሩ፣ ግን የሚታዘዝላቸው ሴት ናቸው። ግራና ከሚባለው ገበያ የገዙትን ማንጎ በዘምቢል ይዘው ብቅ ይላሉ። የመጡበትን ጉዳይ አይደብቁም። ሴት ልጅ ሴት በሌለበት ቤት፣ ማታ ማታ ዘይት በዘይት ሆኖ ከሚገባና ከማይናገር ወንድ ጋር ማደግ እንደሌለባት፣ መርሳም ትምህርት ቤት እንዳለ፣ የሙት ዓመቱ ሳይደርስ ቢወስዷት ደስ እንደሚላቸው ለእኔም ለእሷም ፊት ለፊት ነገሩን። እኔ የመለስኩት «እሷ ካለች» ብዬ ነው። ልጄን አከበርኳት ብዬ ነበር። እሷ ግን አንድ ጊዜ አየችኝና ወደ ሳጥኖቹ ዞራ፣ ቀምሰን ስንጨርሳቸው ሐሳቤን እነግራችኋለሁ አለች። አማቴ ነገሩ ባይገባቸውም ተስማሙ።

እኔም የገባኝ ያህል ገባኝ። ሳጥኖቹ ሲያልቁ ልጄ ትሄዳለች ወይም ትቀራለች። ይህን ማወቄ ሊያስፈራኝ ይገባ ነበር፤ አላስፈራኝም። ያስፈራኝ ያ ነው። ስትሄድም በእናቷ ቀብር ላይ እንደሆንኩት ቆሜ የማያት መሰለኝ።

ቅምሻው እሁድ እሁድ ሆነ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ መብራት ካለ፣ ልጄ ሁለት ስኒ ታቀርባለች። በስልኳ ከአንድ ቪዲዮ የተማረችው ሥርዓት ነበር፦ መጀመሪያ ማሽተት፣ ቀጥሎ በድምፅ ፉት ማለት፣ ከዚያ ምላስ ላይ አቆይቶ መዋጥ። ፉት የሚለው ድምፅ ከፍ ባለ ቁጥር ጣዕሙ ይገለጣል አሉ። በእኛ ቤት እንዲያ የጠጣ ሰው ስንት ጊዜ ቁጣ ደርሶበታል፤ እናቷ በሾርባ ጊዜ በማንኪያ ጀርባ የምትመታኝ ለዚሁ ነበር። አሁን ሁለታችንም ሶፋ ላይ ተቀምጠን እንደ ፈረስ ፉት እንላለን። የሚስቅ ሰው ግን አልነበረም።

ልጄ ዳኝነቷ የተሟላ ነው። ሐምራዊው የተቃጠለ ስኳር ስኳር ይላል አለች። ባለበረዶው ቅመም ሻይ ነው እንጂ ቡና አይደለም፤ ከአሥር ሦስት። አንዱ ሳጥን ላይ የአገራችን ስም ተጽፎ አገኘች፤ እሱን ከሁሉ አስበልጣ ስትጠብቅ ቆይታ ስትቀምሰው፣ ከጎረቤት ቤት የጠጣችው የትናንቱ ቡና እንደሚሻል ተናገረች፤ ለአገር ብላ ስድስት ሰጠችው። ሳጥኖቹን በማዕረጋቸው ቡፌው ላይ ትደረድራቸዋለች፣ አዲስ በተቀመሰ ቁጥር ታሸጋሽጋቸዋለች። ከዚያ ወደ እኔ ትዞርና የእኔን ትጠይቃለች።

«ጥሩ ነው» እላለሁ።

«ከባለፈው ይሻላል?»

«ያም ጥሩ ነበር።»

አማቴ አንድ እሁድ ቅምሻው ላይ ደረሱ። ማሽኑ ሲጮህ ትንሽ ሸሸት አሉ፤ ቡናው ሲወርድ ቀረብ ብለው አረፋውን አዩት። የደነገጡት ግን ልጄ ካፕሱሉን አውጥታ ልትጥል ስትል ነው። አንድ ስኒ ብቻ አውጥቶ፣ ገና አቦሉ ተጠጥቶ፣ ቶናው ሳይቀዳ፣ በረካው ሳይደርስ ቡና የሚጣልበትን አገር ሰምተውም አያውቁም። ግፍ ነው አሉ። ሁለተኛው ግፍ ደግሞ አቦሉን የያዘችው ልጅቷ መሆኗ ነው። በእሳቸው ቤት ልጅ ቡና የሚቀምሰው በረካው ላይ ሲደረስ፣ ቀለሙ ሲገረጣ፣ ለወጉ ያህል ነው። አቦል የጠጣች ልጅ እንቅልፍ ታጣለች፣ ትጠቁራለችም ይባላል።

ልጄ ካፕሱሉ አንዴ ከተበሳ እንደማያገለግል ልታስረዳቸው ሞከረች። አማቴ እኔን ዞር ብለው አዩኝ፤ ባለሙያው አንተ ነህ የሚል አስተያየት ነው። ማሽኑ ካፕሱሉ አዲስ ይሁን አሮጌ አያውቅም፤ ውሃ መግፋት ነው ሥራው። መልሼ አስገባሁትና ቁልፉን ተጫንኩ፤ ቶና ወረደ። ደግሜ ተጫንኩ፤ ሻይ የመሰለ ነገር ወረደ፤ በረካ ተባለ። አማቴ አቦሉን፣ እኔ ቶናውን፣ ልጄ በረካውን ጠጣን። አማቴ ጨርሰው ስኒውን ሲያስቀምጡ ለምርቃት አፋቸውን ከፈቱና ቆም አሉ። ያፈላውን ሰው መመረቅ ልማድ ነው፤ ያፈላ ሰው ግን አልነበረም። በመጨረሻ ቁልፉን ለተጫንኩት ለእኔ ዞረው፣ «እንግዲህ እጅህን ይባርከው፣ ልብህንም ይመልስልህ» አሉ። አሜን አልኩ።

ከዚያ በኋላ ይህ የቤት ሕግ ሆኖ ቀረ። አማቴ ባይኖሩም አንድ ካፕሱል ሦስት ጊዜ ይወርዳል፤ አቦሉ የእኔ፣ የቀረው የእሷ ነው። ልጄም እንፋሎቱ ቡፌውን ያበላሸዋል ብላ ማሽኑን ወደ ማድቤት ወሰደችው፤ እኔ ሳሎን ተቀምጬ እጠብቃለሁ፣ እሷ በሰርቪስ ትሪ ሁለት ስኒ ይዛ ትመጣለች። ማሽተት፣ ፉት ማለት፣ ማቆየት። እሷ ነጥቧን ትሰጣለች፣ እኔ ጥሩ ነው እላለሁ። ሳጥኖቹ እየቀለሉ ሄዱ።

የመጨረሻው ወርቅማው ሳጥን ነበር። ለመጨረሻ ያቆየችው በጣም ስለሚያምር ነው። ያን እሁድ ስኒዬን ስትሰጠኝ ፊቷን አየሁት፤ ከስታለች። መቼ እንደከሳች አላውቅም። ዛሬስ አንድ ነገር ልበልላት፣ ልጄ ይህን ሁሉ የደከመችው ለእኔም ጭምር ነው ብዬ አሰብኩ። አሸተትኩ፣ ፉት አልኩ፣ ምላሴ ላይ ከወትሮው አስረዝሜ አቆየሁት።

«ከእስካሁኑ ሁሉ ይሄ ይበልጣል» አልኳት። «ጠንከር ያለ ነው። አሥር ከአሥር።»

ስኒዋን ትሪው ላይ አስቀመጠች። ደስ ይላታል ብዬ ስጠብቅ አንገቷን ደፋች።

«በረካው ነው አባዬ» አለች። «ሦስተኛው ውሃ ነው። አቦሉን እኔ ነኝ የምጠጣው።»

ዛሬ ብቻ እንደሆነ ጠየቅኳት። አይደለም። ማሽኑ ማድቤት ከገባ ጀምሮ ነው። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር ያደረገችው፤ ስኒውን አይቼ እንደምጮህ፣ ልጅ አደረግሽኝ እንዴ ብዬ እንደምቆጣት፣ ከዚያም ሁለታችን እንደምንስቅ አስባ ነበር። ጥሩ ነው ስላት በሚቀጥለው እሁድ ደገመችው። እንደገና ጥሩ ነው አልኩ። ከዚያ ቀልድነቱ ቀረ። እናቷ ብትሆን ገና ከስኒው ከንፈር ላይ እንደምትተፋው ነገረችኝ። ይህን ሁሉ ስትናገር አላለቀሰችም፤ ድምጿም አልጨመረም። እኔን መሰለችኝ፤ ያን ጊዜ ነው ነገሩ ወደ እሷም እንደተሻገረ የጠረጠርኩት።

እውነቱን ነገርኳት። ምንም እንደማልቀምስ፣ ቡናውን ብቻ ሳይሆን እንጀራውንም፣ እናቷ ስትቀበርም እንዲሁ እንደነበርኩ፣ ሰው በርትቷል ሲል እንደማፍር፣ እሷ ብትሄድም ምንም እንዳይሰማኝ ብዬ እንደምፈራ። ለሰው ያልተናገርኩትን ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ መናገሬ ልክ ይሁን አይሁን እስካሁን አላውቅም። አዳመጠችኝ። ስኒዎቹን ሰብስባ ወደ ማድቤት ሄደችና አጠበቻቸው። ስትመለስ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች፣ አያቷ ዘንድ እንደምትሄድ ነገረችኝ። ወርቅማው ሳጥን ውስጥ ገና ካፕሱል ነበረ።

አማቴ ሊወስዷት መጡ። ልብሷን ሳጣጥፍላት፣ ደብተሮቿን በማዳበሪያ ስከት፣ ሁሉንም በሥርዓቱ አደረግኩ። በባጃጅ ወደ መናኸሪያ ወሰድኳቸው። ሚኒባሱ እስኪሞላ ቆመን ሳለ አማቴ ወደ ጎን ሳብ አድርገውኝ፣ አንድ ቃል ብናገር እንደሚተዉት፣ እሳቸውም የሰው ቤት ማፍረስ እንደማይፈልጉ ነገሩኝ። ልጄ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ታየናለች።

«ምን ትላለህ ታዲያ?» አሉኝ።

«እሷ ካለች።»

አማቴ ራሳቸውን ነቅንቀው ገቡ። ከስንብቱ ይልቅ የሚኒባሱ የኋላ መብራት አንደኛው እንደማይሠራ ትዝ ይለኛል። ሲያልፍ አየሁት፤ አምፖሉ ሳይሆን መስመሩ ነው አልኩ በልቤ። ከዚያ ወደ ጋራዤ ሄድኩ።

እኩለ ቀን አካባቢ ስልኬ ጮኸ። የአንድ ሲኖትራክ ዳይናሞ ፈትቼ ነበር፤ እጄን ሳልጠርግ አነሳሁት። ልጄ ናት። ደርሰናል አለች። መንገዱ እንዴት ነበር አልኩ፤ ደህና ነበር፣ ሲሪንቃ ላይ ትንሽ ቆመን ነበር አለች። አያቷ ምሳ እያቀረቡ እንደሆነ፣ መርሳ እንደሚሞቅ፣ የምትተኛበትን እንዳሳዩዋት ነገረችኝ። ከዚያ የምንለው አለቀ። እንደማልዘጋው ታውቃለች፤ እኔ ስልክ ቀድሜ አልዘጋም።

«አባዬ፣ ከፋህ?» አለች።

አዎ ማለት ይቀለኝ ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው እያልኩ ያሳለፍኳቸው እሁዶች ትዝ አሉኝ።

«ገና ነው» አልኳት። «አልተሰማኝም።»

«እሺ» አለች። ትንፋሿ ይሰማኛል። ከዚያ «እኔን ግን ከፍቶኛል» አለች።

እናቷ ከሞተች ጀምሮ እንዲህ ስትል ሰምቻት አላውቅም። ምናልባት የምትነግረው ሰው ስላልነበራት ይሆናል። ስልኩን እንደያዝኩ የተፈታውን ዳይናሞ አየሁት። ባለሲኖትራኩን ይቅርታ ጠይቄ ለነገ አልኩት፤ ሰውየው መንገደኛ ነበርና ተናደደ፣ ልክ ነው። እጄን በቤንዚን አጥቤ፣ ቱታዬን ሰቅዬ፣ መናኸሪያ ሄድኩና መርሳ የሚል ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ።

በመንገዱ ሁሉ ራሴን ስፈትሽ ነበር። አንድ ነገር ካለ ብዬ ደረቴን፣ ጉሮሮዬን ጠበቅኩ። ማሽላው አሽቷል፣ ወፍ የሚጠብቁ ሰዎች ማማ ላይ ቆመዋል፣ ሾፌሩ ስለ ነዳጅ ወረፋ ያማርራል። የሚያውቀኝ ሰው ነበርና ለምን እንደምሄድ ጠየቀኝ፤ ልጄ ከፍቷት ነው አልኩት። አንተስ ደህና ነህ አለኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። ምንም አልመጣልኝም። ሰው ሳይሰማው እንዲህ መሄድ ይችላል ወይ እያልኩ መርሳ ደረስን።

የአማቴ ግቢ በር ክፍት ነበር። ልጄ በረንዳው ላይ ካለው መደብ ተቀምጣለች፤ የመጣችበትን ልብስ አልቀየረችም፣ ማዳበሪያውም አልተፈታም። አማቴ ከውስጥ ብቅ ብለው አዩኝና ተመልሰው ገቡ። ልጄ ዓይኗ አብጧል። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ፤ ፊቴ ላይ የምትፈልገውን ያገኘች አልመሰለኝም።

«ተሰማህ እንዴ?» አለች።

«አልተሰማኝም» አልኳት። «ከፍቶኛል ስላልሽኝ ነው የመጣሁት።»

ማዳበሪያውን በእግሯ ወደ ጎን ገፋች። ከዚያ መደቡ ላይ ጠጋ አለችልኝ።